በማለዳ ነጭ ለብሰን

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረ አማኑኤል፣

የአገርዎ ታቦታት ባሉበት ይጠብቁዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የቪዮላ ደጋን የሚይዙበት ትከሻዎስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። ክረምቱ ዘንድሮም ደመናውን አሳይቶን ሳይዘንብ ወጣ እንጂ ደህና ነን።

ዕቃው ደረሰ! ይህን በመጀመሪያው መስመር ልጽፈው ነበር፤ እናቴ «ሰላምታ ሳይቀድም ወሬ አይጻፍም፣ ሰው ምን ይለናል» ብላ ከለከለችኝ። አራቱ ቫዮሊኖች፣ ከእነሱ ከፍ የምትለው ቪዮላና ትልቁ ቼሎ፣ ሁሉም ደርሰዋል። ከቪዮላዋ አንድ ክር ተበጥሷል እንጂ የተሰነጠቀ የለም። ከወልድያ እስከዚህ ቼሎውን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከፍራሽና ከጄሪካን ጋር አስረውት፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ልቤ አብሮ ይዘል ነበር። መናኸሪያ ላይ ያን ረጅም ጥቁር ሣጥን ሁለት ወጣቶች ተሸክመው ሲያወርዱት አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጠጋ ብለው፣

«ነፍስ ይማር። ማን ነው?» አሉኝ።

«ቼሎ ነው፣ አባባ።»

«የማን ልጅ?»

ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ። ይህን ለእርስዎ እጽፍልዎታለሁ እያልኩ እስከ ቤት ድረስ ስስቅ ሄድኩ።

ጋሼ፣ የአባቴ የአክስት ልጅ ሆነው ሳለ በዓይን ተያይተን አናውቅም። አባቴ ነፍሱን ይማረውና «ውጭ አገር ትልቅ ማሲንቆ የሚመታ ዘመድ አለን» ይል ነበር፤ አዲስ አበባ ወርጄ ቫዮሊን የተማርኩት በዚያ ወሬ ነው። ተመርቄ ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን ተጫወትኩ። ጨርሼ ወደ ሰቆጣ ልመለስ ስል ጓደኞቼ «ሰው ከዚያ ይሸሻል፣ አንቺ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። አዎ፣ እሄዳለሁ። ዋግ ውስጥ አንድ ልጅ ቫዮሊን ቀርቶ የቫዮሊን ሥዕል አይቶ አያውቅም። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ሰቆጣ መሃል ወንበር ደርድረን፣ ነጭ ለብሰን እንጫወታለን። ይመኑኝ።

ኢንተርኔት ስለተቋረጠ የምጽፈው በእጄ ነው። ደብዳቤውን ለሹፌር እሰጣለሁ፣ ጓደኛዬ ሸጌ አዲስ አበባ ላይ ፎቶ አንስታ ትልክልዎታለች፤ የእርስዎንም አትማ በዚያው መንገድ ትሰድልኛለች። ከዘገየ መንገድ ተዘግቶ ነውና አይቀየሙ።

እናቴ ወለተ ሐና ሰላም ትልዎታለች። ወንድሜ ኪዳኑም ሰላም ይልዎታል። እንዲህ ብለሽ ጻፊ ያለችኝ እናቴ ናት። ኪዳኑ በጦርነቱ ከወጣ ወዲህ ወሬው የለም፤ እሷ ዘንድ ግን የእሱ ሰላምታ ያልገባበት ደብዳቤ አይታሸግም።

ልጅዎ ምስራቅ


ፕሎቭዲቭ፣ ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስራቅ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የአባትሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። ወይዘሮ ወለተ ሐናን እጅ ንሺልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ትከሻዬ አልተሻለውም፣ ኦርኬስትራውም አሰናብቶኛል። አማርኛዬ ቢያነክስ ይቅር በይኝ። የማናግርበት ሰው ስለሌለ መጀመሪያ ጮክ ብዬ እለዋለሁ፣ ከዚያ እጽፈዋለሁ፤ ጎረቤቴ ግድግዳውን ትደበድባለች።

«የማን ልጅ» መባሉን ለቀድሞ ባልደረቦቼ ተርጉሜላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። መሣሪያዎቹን የሰጡሽ እነሱ ናቸው፤ ቼሎው የአንዱ እናት ይጫወቱበት የነበረ ነው። አደራ፣ ፎቶ ላኪላቸው።

ሠላሳ ዓመት ቪዮላ ተጫወትኩ። አድማጭ ቪዮላ ስትኖር ልብ አይላትም፤ ስትጠፋ ግን የጎደለውን ሳያውቅ ቅር ይለዋል። ይህን የምጽፍልሽ ቪዮላዋን ለሰነፉ ልጅ እንዳትሰጪብኝ ነው። አንዲት ትንሽ ዜማም ልኬያለሁ። ልጆቹ ክሩን በጣት ሳይጫኑ ባዶውን እየሳቡ ያጅባሉ፣ ከላይ ያለውን አንቺ ትጫወቻለሽ። በአምባሰል ቅኝት ናት። ከሰቆጣ ይዤ የመጣሁት ነገር ካለ እሷ ናት።

አሁን የልቤን ልንገርሽ። እህቴን ደብሬን ስልክ ሲገኝ አናግራታለሁ። «ልጅሽ እንግዳው እንዴት ነው?» ስላት «ደህና ነው» ትለኛለች። «የት ነው?» ስላት መስመሩ ይቋረጣል። ሁልጊዜ እዚያው ላይ ሊቋረጥ አይችልም። ልጁን ያየሁት በፎቶ ብቻ ነው፣ አገጩ ግን የእኔ ነው። አንቺ ጎረቤት ነሽ፤ እውነቱን ጻፊልኝ።

ኪዳኑንም ሰላም በይልኝ።

ገብረ አማኑኤል


ሰቆጣ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረ አማኑኤል፣

እግዚአብሔር ክረምቱንም ብርዱንም ያቅልልዎት። ደብዳቤዎ የገና ዕለት ደረሰኝ፤ እናቴ ለልደት የተላከ ነው ብላ ሳመችው።

ልጆች አግኝቻለሁ! ቅጣው ቼሎውን ያዘ፤ ከቼሎው ብዙም አይበልጥም። የሻምበል የሚባለው ልጅ ጆሮው የሚያስደንቅ ነው፣ ትዕግሥት ግን የለውም። ቪዮላዋን ለመስታወት ሰጠኋት። ሰነፍ አይደለችም፤ ዝምተኛ ናት። ሁለት ቫዮሊን የሚይዙ እህትማማቾችም አሉ። ሰው መንገድ ላይ ሲያየን «አዝማሪዎቹ መጡ» ይላል። የቅጣው አባት «ልጄ ፊደል ይቆጥራል ብዬ ብልከው ማሲንቆ አቀፈ፣ ነገ በየሰርጉ ግንባሩ ላይ ብር ሊለጥፉበት ነው» ብሎ ሰፈሩን አሳቀብኝ። እኔም «ይለጠፍ እንጂ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩታ» አልኩት። ስቆ ልጁን ተወልኝ።

በጥምቀት ማግስት አዳራሽ ለምነን የመጀመሪያውን ዝግጅት አደረግን። የመጡት የአዳራሹ ዘበኛና ዘበኛውን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ናቸው። ዘበኛው ጥሩ ሰው ነው፣ እስከ መጨረሻው አጨበጨበ።

ተናድጄ ቤት ለቤት ጠየቅሁ። ሰው አልጠላንም፣ ጋሼ። ነገሩ ሌላ ነው። የእርስዎንም ጥያቄ የሚመልሰው ይኸው ስለሆነ እጽፈዋለሁ። እንግዳውና ኪዳኑ በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ነው የሄዱት። ጦርነቱ ሲያበቃ የተመለሰው ተመለሰ፣ መርዶው የመጣም መጣ። እነሱ ግን አልተመለሱም፣ መርዶአቸውም አልመጣም። እንዲህ ያለ ቤት በየሰፈሩ አለ። እትዬ ደብሬን ስጠራት «ልጄ አፈር ይቅመስ እንጀራ ሳላውቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሙዚቃ ሰማች ልባል?» አለችኝ። «እንግዲያው ካዘኑ ያልቅሱ» ብላት ደግሞ ተቆጣች፤ «ልጄን በቁሙ ልቅበረው?»

እናቴም እንዲሁ ናት። እዚህ ሐዘን ያገኛት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች፣ ደስታ ሲሆን ትሠራለች። እናቴ ከኪዳኑ ወዲህ አልተላጨችም፣ አልተሠራችም። ሻሽ አስራበት፣ ሻሹን እኔ ፊት እንኳ አትፈታም።

ግን ተስፋ አልቆርጥም። አንድ መንገድ ይኖራል። ምን ባደርግ ይሻላል ይላሉ?

እናቴ ሰላም ትልዎታለች። ኪዳኑም ሰላም ይልዎታል።

ምስራቅ


ፕሎቭዲቭ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስራቅ፣

የጾሙን ፍጻሜ በሰላም ያድርስሽ። ደብዳቤሽ መንገድ ላይ ከርሞ መጋቢት መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። ስለ እንግዳው የጻፍሽውን አነበብኩ፤ ደጋግሜ አነበብኩ። አመሰግናለሁ።

ስለ ጥያቄሽ ብዙ አሰብኩ። ትናንት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እዚህ ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ልጃገረዶች አጊጠው በማለዳ ቤት ለቤት እየዞሩ ይዘምራሉ፤ የቤቱን ሰው በስሙ እየጠሩ ይመርቁታል። እኔን «ገብሪ» ነው የሚሉኝ። ብቻዬን የምኖር ሰው፣ ዘፈኑ ደጄ ድረስ መጣልኝ። ያኔ አንቺን አሰብኩ። ሰው ወደ ሙዚቃው ካልመጣ ሙዚቃው ወደ ሰው ይሂድ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ልጆቹን ነጭ አልብሰሽ፣ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን በማለዳ ደጃፋቸው ላይ ቁሙ። አጭር ነገር ተጫወቱላቸው፣ ለትልቁ ዝግጅት ጥሯቸው። ከደጁ የመጣን ልጅ ማን ይመልሳል?

ከእህቴ ጀምሪልኝ። ዜማዋን እሷ ታውቃታለች።

ገብረ አማኑኤል


ሰቆጣ፣ ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረ አማኑኤል፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት ብዬ ልጀምር ወይስ እንዴት ከረሙ ብዬ? እናቴን ብጠይቃት «ዝም ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ከሌላ ሰው ከመስማትዎ በፊት ከእኔ ይስሙት።

ሁዳዴን ሙሉ ደጋን ሳንነካ ጣታችንን ብቻ ስናለማምድ ከረምን። ከፋሲካ በኋላ ደብዳቤዎን ለልጆቹ አነበብኩላቸው። የሻምበል ዘለለ። ቅጣው ግን «እትዬ ምስራቅ፣ በዚያ ሰዓት ሰው ቤት መሄድ ጥሩ ነው?» አለኝ። «ፈራህ እንዴ? አንድ ቀን ማለዳ ብትነሳ አትሞትም» አልኩት። እናቴ የዚያን ሰሞን ጋዝጊብላ እህቷ ዘንድ ነበረች፤ ብትኖር ከበር ትመልሰን ነበር። ስምንት ዓመት አዲስ አበባ መኖር ይህን ያህል ያስረሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ገና ሳይነጋጋ ወጣን። ሁላችንም ነጭ ነጠላ ለብሰናል፣ ሣጥኖቻችንን ይዘናል። እትዬ ደብሬ ደጅ ተሰለፍን። «እስክትወጣ ማንም ቃል እንዳይናገር» ብያቸዋለሁ፤ ስትወጣ በአንድነት ልንጀምርላት። አንዲት ጎረቤት ውኃ ልትቀዳ ጄሪካን ይዛ ብቅ አለች፣ አየችን፣ ጄሪካኑን አስቀምጣ ተመለሰች። እንደገና ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር። ያኔ እንኳ አልገባኝም። ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው ከኋላችን ቆሙ። ከዚያ ሌሎች መጡ። ሁሉም ዝም ብለዋል። ጋሼ፣ ሰው መጣልን ብዬ ደስ አለኝ።

እትዬ ደብሬ በሩን ከፈተች። እኛን አንድ በአንድ አየች፣ ከኋላችን ያሉትን አየች።

«እሺ» አለች። «ተናገሩ።»

«እትዬ ደብሬ፣ እንዴት አደሩ...»

«እንዴት አደሩ አትበይኝ። የት ላይ ነው የወደቀው?»

«ለሙዚቃ ነው! ልንጠራዎት ነው የመጣነው! ስለ እንግዳው ማንም ምንም አልነገረንም!» እያልኩ ጮህኩ። እሷ ጉንጬን ዳሰሰችኝ፤ እኔን ልታጽናና! «አይዞሽ፣ ልጄ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልከውሽ ነው» አለችኝ። ከዚያ እዚያው ደጃፏ ላይ ተቀመጠችና ስሙን ጠራች። የጠራችበትን ድምፅ አልጽፈውም።

መሪጌታ አሥራተ ማርያም ተጠርተው መጡ። ለሰፈሩ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። «ደብሬ፣ መርዶ አልመጣም፤ የልጆች ስህተት ነው» አሏት። «መሪጌታ፣ የባሌንም ጊዜ ደህና ነው ብለውኝ ነበር» አለቻቸው። እኩለ ቀን ሳይሆን ድንኳን ተተከለ። የተጀመረን ልቅሶ ማን ያቋርጣል? አመሻሹ ላይ ፀጉሯን ተላጨች።

በሰልስቱ እኔን አስጠራችኝ። በእልህ የምትሰድበኝ መስሎኝ ሄድኩ። «ያን የያዛችሁትን ነገር ዝም ልታሰኙት ነው ያመጣችሁት? አምጡና ይናገር» አለችኝ። የእርስዎን ዜማ ተጫወትን። ልጆቹ ባዶውን ክር እየሳቡ፣ እኔ ከላይ። አልቃሿ ትንሽ ሰማችና ገባችበት፣ ሴቶቹ ተቀበሏት። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር። በሕይወቴ እንዲያ የተሰማሁበት ቀን የለም። ጋሼ፣ በዚያ መሃል ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ይህን ከእርስዎ በቀር ለማን እነግራለሁ?

እንግዳው ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። ልቅሶው ግን ተለቅሷል። ይቅር ይበሉኝ።

እናቴ ተመልሳለች። ሰላም ትልዎታለች። ኪዳኑም።

ምስራቅ


ሰቆጣ፣ ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረ አማኑኤል፣

ጤና ይስጥልኝ። መልስዎን ስጠብቅ ቆይቼ ደግሜ ጻፍኩ። ሸጌ «ደርሶታል፣ አይቶታል» ብላኛለች። ቢቀየሙኝም አይፈረድብዎትም፤ ግን የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ከጋዝጊብላ አንዲት እናት በእግሯ መጣች። እናቴን አላወቀቻትም፣ እኔን ነው የጠየቀችው። «በማለዳ የምትመጪው ልጅ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። እኔ ጋ ደግሞ መቼ ትመጫለሽ ትላለች። ልጅዎ ስለመሞቱ የነገረኝ የለም አልኳት።

«ለደብሬስ ማን ነገራት?»

«ለእሷ በስህተት ነው።»

«ለእኔም ተሳሳችልኝ እንግዲህ» አለችኝ። እየሳቀች አልነበረም። «እኔ ብቻዬን ተነስቼ ባለቅስ ልጇን ገደለች እባላለሁ። ሰው ከመጣልኝ ግን ተረድቼ ነው።»

መለስኳት። ከእሷ በኋላ ከጽጽቃ በኩል ሁለት መጡ፣ እነሱንም መለስኩ። ሙዚቃውን ፈልጎ ደጄ የሚመጣ ሰው ስመኝ ኖሬ፣ ሲመጣ እንዲህ ሆኖ መጣ።

መሪጌታ በመንገድ ሲያገኙኝ «መርዶ የሚያረዳ ያየ፣ የቀበረ፣ ወይ ከቀበረ የሰማ ነው። አንቺ ምን አይተሽ ነው?» አሉኝ። የቅጣው አባት ልጁን አስወጣው፤ አሁን አይቀልድም። እህትማማቾቹም ቀሩ። የሻምበል ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ በኩል ሊሻገር ተነስቶ ሄደ፣ ለእናቱ እንኳ አልነገረም። ትናንት እናቱ መንገድ ላይ አየችኝና ጥግ ይዛ አለፈች። ደጇ እንዳልቆም ፈርታ ነው።

የቀረችኝ መስታወት ናት። እባክዎ አንድ ቃል ይጻፉልኝ።

ምስራቅ


ፕሎቭዲቭ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስራቅ፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። የዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። «ደጃፋቸው ላይ ቁሙ» ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ነጭ ልብስና ማለዳ እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ የረሳሁት እኔ ነኝ። እዚህ አገር በማለዳ የሚመጣ ሰው ወይ ፖስተኛ ነው ወይ ይዘምራል።

ደብሬ ስልክ ደውላልኝ ነበር። መስመሩ አልተቋረጠም። «አልቅሼ ተገላገልኩ፣ አንተም እዚያ አልቅስለት» አለችኝ። ወጥ ቤት ቁጭ አልኩ። ለማን ብዬ? ከማን ጋር? ለጎረቤቴ የእህቴ ልጅ ሞተ ብላት «መቼ?» ትለኛለች። አላውቅም ልላት ነው።

አሁን የምነግርሽን ለአንድም ሰው ነግሬ አላውቅም፣ ምክንያቱም የሚያውቁት ሁሉ እዚያ ናቸው። በልጅነቴ ደሴ አጎቴ ዘንድ ለትምህርት ተልኬ ሳለ፣ በደርግ ጊዜ፣ ወላጅ የተለያቸው ልጆች ተብለን ተሰብስበን ወደ ኩባ ተጫንን፤ እዚህ አገር የመጣሁት ከዚያ ለሙዚቃ ትምህርት ተልኬ ነው። ለእናቴ የነገራት የለም። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ አንድ ሰው ሞቷል አላት። አለቀሰችልኝ፣ ተስካሬን አወጣች። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሰቆጣ የደረሰው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ቪዮላ ይዤ የተነሳሁትን ፎቶ ጨምሬበት ነበር። ደብሬ እንደጻፈችልኝ፣ እናቴ ፎቶውን ይዛ ብዙ ካየችው በኋላ «ልጄን ይመስላል» አለች። ይመስላል! ከዚያ ወዲህ ስጽፍላት ብኖርም ሰላምታዋ ለእንግዳ ሰው የሚላክ ዓይነት ነበር። እዚህ ያሉት ሰዎች አገሬ ያልገባሁት በፖለቲካ ይመስላቸዋል። እኔ የተለቀሰልኝ ሰው ነኝ፣ ምስራቅ። የት ልገባ?

ስለዚህ የማንም ደጅ እንዳትቆሚ። እለምንሻለሁ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ እስር ቤት ወይም ስደት ላይ ቢሆን፣ እኔን ያደረጉኝን እንዳታደርጊው። መሣሪያዎቹን አዲስ አበባ ለሚማሩ ልጆች ላኪያቸው። አንቺም ወደ ኦርኬስትራሽ ተመለሺ። ሞክረሻል።

ኪዳኑን አደራ።

ገብረ አማኑኤል


ሰቆጣ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረ አማኑኤል፣

አዲሱ ዓመት ከበፊቱ የቀለለ ይሁንልዎት።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። አጠፋሁ ይሆን? አይሆንም ልላት ፈልጌ፣ ከእኔ ቃል የእርስዎ ይከብዳል ብዬ ነው። ምክንያቱም ከፍልሰታ ጀምሮ እሷም እንደ ጋዝጊብላዋ ሴት ትለምነኝ ነበር። «ለሰው ስትቆሚ ከርመሽ ለእኔ አልቆምም ትያለሽ?» ትለኛለች። ለማንም ፈልጌ አልቆምኩም ብላት አትሰማም። እትዬ ደብሬን ታያታለች፤ እትዬ ደብሬ ተላጭታለች፣ ሰው ይጠይቃታል፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። እናቴ አትተኛም።

አንብቤ ስጨርስ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። ከዚያ እትዬ ደብሬን አስጠርታ «እናታችሁ ያን ፎቶ ምን አደረገችው?» አለቻት።

እትዬ ደብሬም «ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ሰቀለችው። እስክትሞት እዚያው ነበር፤ ማታ ማታ ለሁለቱም ትሰግድ ነበር» አለች።

ይህን ያውቁ ነበር፣ ጋሼ? እትዬ ደብሬ «እንዳልጽፍለት ከልክላኝ ነው» አለች። አሁን እኔ ጻፍኩልዎት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ሰማሽ? የተለቀሰለትም ቦታ አለው።»

«ኪዳኑ ቢመጣስ፣ እማዬ?»

«ቢመጣማ ልጄን ይመስላል ብዬ አስገባዋለሁ። አበላዋለሁ። መደቡን አነጥፍለታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላደርግለት ነበር?» አለችና ሻሿን በእጇ ነካችው። «ይሄ ፀጉር ከበደኝ፣ ምስራቅ። አንቺ ደግሞ ትሄጃለሽ፣ አውቃለሁ። ሳትሄጂ አሳርፊኝ።»

እምቢ አልኩ። አንድ ጊዜ አይደለም። ከዘመን መለወጫ በኋላ አንድ ማለዳ ግን ነጭ ነጠላዬን ለብሼ በጓሮ ወጣሁ። መስታወት አብራኝ መጣች፤ እትዬ ደብሬም መጣች። በራሳችን ደጅ ቆምን። ቫዮሊኔን በሣጥኑ ይዣለሁ። ጎረቤት አየን፣ ገባ፣ አዘቅዝቆ ወጣ። አሁን ሁሉን አውቃለሁ፣ ማን ቀድሞ እንደሚመጣ እንኳ አውቃለሁ።

እናቴ በሩን ከፈተች። ሻሿን ፈትታለች። እንዲያ ያለ ፀጉር አይቼ አላውቅም፤ ግማሹ ነጭ፣ እስከ ትከሻዋ የተጎነጎነ ጨርቅ መስሏል። በመጨረሻዋ ሰዓት አፌን ከፈትኩ። «እማዬ፣ ማንም አልነገረኝም፣ እኔ ምንም...»

«ዝም በይ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ደጅ የቆመ ሰው እንዲህ አይልም።»

ከዚያ ስሙን ጠራች።

ፀጉሯን የላጨሁት እኔ ነኝ። በሰልስቱ ቫዮሊኑን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልከፈትኩትም። ማታ ተኛች።

ጋሼ፣ አልታዘዝኩዎትም። ኪዳኑ አንድ ቀን ቢደውል ስልኩን ማን ያነሳለታል እያልኩ አስባለሁ፤ እርስዎ አይመልሱልኝ። ሰቆጣ መሃል ወንበር አልደረደርኩም። ከዋግ ይዤ የምወጣው ሰው ሲያየው የሚደነግጥበት ሣጥን ነው። ቪዮላዋን ለመስታወት ተውኩላት። ክር ቢበጠስባት የምታገኝበት የለም፤ እናቷም ሣጥኑን አልጋ ሥር ደብቃዋለች። ሌሎቹን እንዳሉኝ አዲስ አበባ አደርሳለሁ።

ዛሬ ጠዋት ትኬት ልቆርጥ ስሄድ ቼሎውን አስቀድሜ መናኸሪያ አደረስኩት። ሁለት ወጣቶች ተሸክመው ወደ ጣሪያው ሲያነሱት አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉኝ። የአምናው ይሁኑ ሌላ አላወቅኋቸውም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ነፍስ ይማር። ማን ነው?»

«ኪዳኑ ነው» አልኳቸው።

«የማን ልጅ?»

«የወለተ ሐና።»

መኪናው እስኪጫን ድረስ ባርኔጣቸውን ይዘው አብረውኝ ቆሙ።

እናቴ ሰላም ትልዎታለች። እኔም።

ምስራቅ